ፊት የሌላቸው ፎቶዎች

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ግድግዳው ላይ የበራው የወላጆች ቀን ፎቶ ነው። የመዝሙር ቡድኑ ተሰልፏል። ነጭ ልብሳቸው ደብዝዞ ይታያል፤ ፊታቸው ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ዐይን የለ፣ ጥርስ የለ። መምህር ዘርአብሩክ ቀጣዩን ፎቶ ከፈቱ፤ ያው ነው። ተሸላሚዎቹም፣ እንግዶቹም እንደዚያው።

«አቦ፣ መብራት ጠፍቶ ነው እንዴ የተነሡት?» ቤተልሔም ሙድ ያዘች።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው የኑኃሚን ጆሮ ጋለ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ፎቶ አንሺ እሷ ናት። ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ግቢውን ስትዞር «ጋዜጠኛዋ» ይሏታል። «ተዉኝ ባካችሁ» ትላለች እንጂ ስሙን ትወደዋለች፤ ፊቷም ያሳብቅባታል።

«ምን ሆኖ ነው ኑኃሚን?» አሉ መምህሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«እኔ እንጃ መምህር... ከእኔ በፊት ፋኑኤል ይዞት ነበር። የሆነ ነገር ሲነካካ አይቼዋለሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ፋኑኤል ካሜራውን መያዙ እውነት ነው። የወላጆች ቀን ወንበር ስትደረድር «ያዝልኝ» ብላ የሰጠችው ራሷ ናት። ሲነካካ ግን አላየችውም።

ፋኑኤል ብድግ አለ። ከደጋው ከገረሴ ወርዶ አርባ ምንጭ መማር የጀመረው፣ ክበቡም የገባው ዘንድሮ ነው፤ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታል። «እኔ ካሜራ... ምንም አልነካም። ይዤ ብቻ ነው» አለ። ልጆቹ እንደገና ሳቁ። ኑኃሚን አልሳቀችም፤ ዝም በሉ ብላም አልተናገረችም።

መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ። «ያለን አንድ ካሜራ ነው። ፋኑኤል፣ የክበቡን ቁልፍ መልስ። ሰኞ ቤተሰብ ይዘህ ና። አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ሲቀላ ሰፈር ወስደሽ ለጠጋኝ አሳዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት ኑኃሚን ሲቀላ ከመውረዷ በፊት ራሷ ልትሞክረው ፈለገች። እናቷ ወይዘሮ እድላዊት ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ።

«እማ፣ ወደዚህ ዙሪ!»

አነሣቻቸው። ጥቁር። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገች፤ ጥቁር። ባትሪውን አውጥታ መለሰች፤ ያው ነው። ከዚያ የብርሃን መለኪያውን ቀየረች። ካሜራው ብርሃኑን ከመላው ምስል ይለካ የነበረውን፣ መሀል ካለው ፊት ላይ ብቻ እንዲለካ አደረገችው። እንዲህ ሲደረግ ፊት መፍካት አለበት። ትንሽ ብቻ ፈካ።

«እኔን ነው የምታነሺው ወይስ ጥላዬን?» አሉ እናቷ የካሜራውን መስኮት አጮልቀው እያዩ።

ያን ጊዜ ነው ከመስኮቱ ግርጌ ያለችውን ትንሽ መስመር ልብ ያለቻት። በግራዋ የመቀነስ፣ በቀኟ የመደመር ምልክት፣ መሀሏ ላይ ዜሮ አለ። ጠቋሚዋ ዜሮ ላይ መቆም ሲገባት ግራ ዳር ሄዳ፣ መቀነስ ሁለት ላይ ተቀምጣለች። ካሜራው የቱንም ያህል ብርሃን ቢለካ «ከዚህ ቀንስ» ተብሎ ታዟል ማለት ነው። ኑኃሚን ጠቋሚዋን ዜሮ ላይ መልሳ አነሣች። የእናቷ ፊት ከነላቡ፣ ከነፈገግታው ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ሠራ!» ብላ ዘለለች።

ደስታዋ ብዙም አልቆየም። ማን ነው ወደ ግራ የወሰዳት? እያንዳንዱ ፎቶ በምን እንደተነሣ አብሮ ይመዘገባል። የወላጆች ቀኖቹን ከፈተች፤ ሁሉም መቀነስ ሁለት። ከእነሱ በፊት ያሉት ከሴቻ ሰፈር ገደል አፋፍ ላይ በቀትር ያነሣቻቸው የአባያ ሐይቅ ፎቶዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዜሮ፤ ውሃው ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል። ሁለተኛው መቀነስ አንድ። የመጨረሻው መቀነስ ሁለት፤ የአባያ ቀይ ውሃ እንዳማረበት። ፋኑኤል ካሜራውን ገና በእጁ አልነካውም ነበር።

ጠቋሚዋን የምታንቀሳቅሰውን የካሜራውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣቷ እያሽከረከረች እንዴት እንደኮራች ትዝ አላት። «ሲጨርሱ ወደ ዜሮ መመለስ!» እያለች ክበቡን የምታስጨንቀው እሷ ናት። አፈረች። ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷን የምታደርግበት አጣች። ፎቶው ቢበላሽስ፣ ይሁን፣ ስሕተት ነው። ያላየችውን አየሁ ማለቷ ግን ስሕተት አይባልም።

ቢሆንም ለሰኞ ያዘጋጀችው ቃል አጭር ነበር፦ ሠርቷል።

ሰኞ ጠዋት ካሜራውን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ሠርቷል መምህር።»

«ጎበዝ! ምን ሆኖ ኖሯል?»

ሳትመልስ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ፋኑኤል ከኋላቸው ነው። አያቱ ናቸው፤ ከገረሴ በሌሊት ተነሥተው መምጣታቸው ነው። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ኑኃሚን የጋሞ ልጅ ባትሆንም ይህን ታውቃለች፤ ሽማግሌ ሣር ይዞ ይቅርታ ከለመነ እንቢ አይባልም። ሰውየው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው በጋሞኛ ተናገሩ። ፋኑኤል መሬት መሬት እያየ ተረጎመ።

«ልጄ አጥፍቷል። ስለ እሱ እኔን ይቅር በሉኝ... ነው የሚሉት።»

ያላጠፋውን ጥፋት በራሱ አፍ ተናገረ።

«ኧረ አባባ፣ ቀና ይበሉ!» መምህሩ ተሽቀዳድመው ሣሩን ተቀበሉ። «በቃ፣ ይቅር ብለናል።» ቁልፉንም ከኪሳቸው አውጥተው ለፋኑኤል ሰጡት።

«አያቴ ነገሩ አልቋል ይላሉ» አለ ፋኑኤል። «ከእንግዲህ ማንም አያነሣውም።»

ማንም አያነሣውም። ኑኃሚን ተረፈች፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሽማግሌው ሲወጡ በአጠገቧ ቆም ብለው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና መረቋት። ያን አልቻለችውም።

ካሜራውን አንሥታ ተከተለቻቸው። በረንዳው ላይ ደረሰችባቸው። «አባባ! ፋኑኤል፣ ተርጉምላቸው። ካሜራው አልተበላሸም ነበር። ብርሃን የምትቀንስ ምልክት አለችው። እሷን ዝቅ ያደረገ ሰው መልሶ ስላላስተካከላት ነው።»

ፋኑኤል ተረጎመ። ሽማግሌው አጭር ነገር ጠየቁ። ፋኑኤል ወዲያው አልተረጎመም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ማን ነው? ይላሉ።»

መምህር ዘርአብሩክ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። «አይታወቅም» ብላ ልታመልጥ ትችላለች። 

«ኑኃሚን ናት በላቸው። ፋኑኤል ሲነካካ አላየችም፤ ዋሽታ ነው በላቸው።»

ፋኑኤል ወደ አያቱ ዞሮ ተናገረ። ከተናገረው ውስጥ የለየችው ስሟን ብቻ ነው፤ ንግግሩ ግን እሷ ካለችው በጣም አጠረባት።

«ዋሽታ ነው የሚለውንም» አለችው። «እሱንም ንገራቸው።»