አርባ አንደኛው መንታ

በኮምቦልቻው ቤተ ሙከራ ስድሳ አንጀቶች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆነው በየቀኑ አንድ አንድ ዓመት ያረጃሉ። ሠራተኞቹ “መንታ” ይሏቸዋል፤ ከፈቃደኛ ሰዎች ሴል ተዘርተው የባለቤታቸውን የሠላሳ ዓመት ዕጣ በሠላሳ ቀን ያሳያሉ። የተመራማሪዋ የትርንጎ ሥራ አንጀት ላይ የምትበቅል ትንሽ እባጭ እንዴት ካንሰር እንደምትሆን መከታተል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አሥር ቀን ይፈጃል።

የአርባ አንደኛው መንታ እባጭ ግን በሁለት ቀን ካንሰር ሆነ። ሣጥኖቹን የሚቆጣጠረው ማሽን ቀይ መብራት አብርቶ “ብልሽት” አለ።

“ጣይውና ሌላ ዝሪ” አሏት ኃላፊዋ ዶክተር ሰይድ። “ፍጥነቱ ተዛብቶ ነው።”

“ማሽኑ ባይሳሳትስ ዶክተር? እንደገና ልሞክረው።”

ሦስት ጊዜ ዘራችው፤ ሦስቱም ጊዜ ሁለት ቀን። ከዚያ ሴሎቹን አንድ በአንድ መረመረች። ሴል ሲባዛ የሚፈጠረውን ስሕተት የሚያርመው ዘረመል አይሠራም፤ ከወላጅ የሚወረስ ጉድለት ነው። ዶክተር ሰይድ ውጤቱን ሁለቴ አነበቡና የባለቤቱን ስም አወጡላት።

የመንታው ባለቤት አቶ ይመር የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ናቸው። ወዲያው ተጠርተው ተመረመሩ፤ ለጊዜው ንጹሕ ሆነው ተገኙ።

“እናትዎ በምን ሞቱ?” አለቻቸው ትርንጎ።

“በሆድ ሕመም። ገና በአርባ አራት ዓመታቸው።”

“ወንድም፣ እኅት አለዎት?”

ፊታቸው ጠቆረ። “አንድ ታናሽ ወንድም፣ ከሚሴ። በመሬት ተጣልተን ከተኮራረፍን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። አንቺው ደውዪለት።”

ደወለች። ወንድምየው እንድሪስ “ምንም አላመመኝም” ብሎ ዘጋው። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ዘጋው። ሦስተኛ ልትደውል ስትል አቶ ይመር ስልኩን ከእጇ ወሰዱ።

“እንድሪስ፣ ይመር ነኝ።”

እንድሪስ አልዘጋውም።

“መሬቱን ውሰደው። ብቻ ነገ ና ተመርመር። እናታችንን የገደላት ነገር እኔም ላይ አለ።”

“አንተስ?” አለ እንድሪስ። “አንተ ደኅና ነህ?”

በማግሥቱ መጣ። አንጀቱ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እባጭ ተገኘች፤ ካንሰር ሳትሆን ተቆርጣ ወጣች።

ትርንጎ ሪፖርቱን ልትሞላ ተቀመጠች። “የታማሚው እባጭ ቀድሞ የተገኘው በምን ዘዴ ነው?” ይላል ቅጹ። የማሽኑን ስም ጻፈች፤ ትንሽ አሰበችና ሰረዘችው።

“ወንድሙ ደወለለት” ብላ ጻፈች።