ደጅ የቀረው ጎረቤት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ስልካችሁን ለትንሽ ጊዜ ገልበጥ አድርጉትና ስሙኝ፤ ረጅም አይደለም። ስለ አንዲት የበገና መዝሙርና ስለ አንዲት የገርጂ ልጅ ነው።

ልጅቷ ፀደንያ ትባላለች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሁን ከኻሊድ ወንበር ጀርባ ቆማ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች። ኻሊድ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠ አንዲት ክፍል ውስጥ መዝሙርና ዘፈን የሚቀርጽ ወጣት ነው። አንድ ፋይል ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሌላ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«የለም» አለ በመጨረሻ። «አጥፍቼዋለሁ።»

«እንዴት ታጠፋዋለህ?»

ኻሊድ ወንበሩን አዙሮ አያት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ አጥፋው ያልሽኝ?»

እውነቱን ነው፤ ያለችው እሷ ናት። እንዴት እንዳለችው ልንገራችሁ።

በገና ያስተማሯት አቦይ መርሃዊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ጉርድ ሾላ በልጃቸው በትርሓስ ቤት ሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ማስተማር ጀመሩ። ከሚደረድሯቸው መዝሙሮች አንዷን ግን ሌላ ሰው አያውቃትም። በወጣትነታቸው አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ ናቸው በቃል ያስያዟቸው። ሰውዬው ካረፉ ወዲህ መዝሙሯ ያለችው በአቦይ አፍና ጣት ላይ ብቻ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሩብ ሰዓት ትፈጃለች።

ኅዳር ላይ ፀደንያ አቦይን ኻሊድ ጋ ወሰደቻቸውና መዝሙሯ ተቀረጸች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳያቋርጡ። ሲጨርሱ፣ ቀልድ ከአፉ የማይጠፋው ኻሊድ እንኳ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና «ሼባው ከባድ ሰው ናቸው» አለ።

ከዚያ ወዲህ አቦይ በየቅዳሜው ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቋት ነበር፤ መቼ ነው በቃልሽ የምትይዣት? ፀደንያ አንዴ ፈተና ደረሰ ትላለች፣ አንዴ ጣቴን ቆረጠኝ ትላለች። አንድ ቀን ሲሰለቻት ተቀርጻለችኮ፣ የትም አትሄድም አለቻቸው። አቦይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይስማሙ አይስማሙ አልገባትም።

ጥር ላይ ደግሞ ፊሊጶስ መጣ። ፊሊጶስ ኻሊድ የሚቀርጻቸውን መዝሙሮች ዩቲዩብ ላይ የሚለቅ ሰው ነው። ለዐቢይ ጾም አዲስ ቀረጻ እፈልጋለሁ አለ። አዲስ ሲል ግን አዲስ መዝሙር ማለቱ አልነበረም። ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን፣ በየዓመቱ አምስትና ስድስት ሰው እየደገመ የሚያስቀርጻትን፣ ታክሲ ውስጥ ስትጀምር ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ የሚያዜማትን ነው የፈለገው። የአቦይን ኻሊድ አቅምሶት ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል ብሎ ተዋት። ያቺ የታወቀችው ግን በልጅ ድምፅ ገና አልወጣችምና ፀደንያ ትዘምራት አለ። ስሟና ፎቶዋ ፊት ለፊት ይወጣል።

በቀረጻው ቀን በገናዋን ታቅፋ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ስትጠብቅ ኻሊድ ዲስኩ ሞልቷል አላት። «የሼባው ብዙ ቦታ ይዟል። ላጥፋው? ፈላጊ የለውም።»

«አጥፋው» አለችው። «እሳቸው እንደሆኑ አሉ። ሌላ ቀን ይደግሙልናል።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ለአቦይ ቀረጻው አለ አለቻቸው፤ ለኻሊድ አቦይ አሉ አለችው። አልዋሸችም። ሁለቱንም በተናገረችበት ሰዓት ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ጾሙ በገባ በሳምንቱ አቦይ መርሃዊ ከመኝታቸው ሲነሡ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው ዝሏል። በገና የሚደረድሩበት ግራ እጃቸው ደኅና ነው። የሸሻቸው ሌላ ነገር ነው። የልጃቸውን ስም ያውቃሉ፣ የድሮ አለቃቸውን ስም ያውቃሉ፤ ትናንት ማን እንደመጣ ግን አያውቁም። መዝሙሯንም አያውቋትም።

ለዚህ ነው ፀደንያ ኻሊድ ጋ እየሮጠች የመጣችው።

ኻሊድ ክፉ ልጅ አይደለም። ስልኩን አወጣና ከፊሊጶስ ጋር የተላላኩትን ሁሉ ወደ ላይ እየሳበ ፈለገ። በመጨረሻም አንዲት ናሙና አገኘ። ፊሊጶስ እስቲ አቅምሰኝ ብሎት ኻሊድ ከመጀመሪያው ቆርጦ የላከለት ነበር። ከፈቱት። መጀመሪያ የአውታሮቹ እምምታ መጣ፣ ከዚያ የአቦይ ድምፅ፤

ቤት ሠራሁ ብዬ በሬን ብዘጋ፣
ሞት ቀድሞኝ ገብቶ ተኝቷል ካልጋ።
ሞት ሆይ እባክህ ጥቂት ታገሰኝ፣
ያልታረቅሁት አንድ ጎረቤት አለኝ።

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ደግመው ከፈቱት፤ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ጎረቤቱ ማን ነበር? በምን ተጣሉ? ሞትስ ታገሰ? ፀደንያ መዝሙሯን ስንት ጊዜ ሰምታታለች፤ ጆሮዋ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው የሰማው። አንዲት ቃል እንኳ አልመጣላትም።

«ቀሪውን አንቺ ራስሽ ሙዪው» አላት ኻሊድ፣ ሊያጽናናት። «ግጥም ትሞክሪ የለ? እሳቸው ረስተዋታል፣ ሌላ የሚያውቃት ሰው የለም። ማን ይነቃል?»

በዚያ ሳምንት ስምንት ስንኝ ጻፈች። ጎረቤቱ ይመጣል፣ ይታረቃሉ፣ ሞት አፍሮ በመጣበት ይመለሳል። ቆንጆ ነበሩ፤ ቤት ይመታሉ። ለአቦይ የእርስዎ ናቸው ብላ ልትዘምርላቸው ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቅዳሜ ጉርድ ሾላ ሄደች።

ትርሓስ በሩን ከፈተችላትና ዛሬ ደኅና ውለዋል፣ ሳያውቁሽ አይቀሩም አለቻት። አቦይ መስኮቱ አጠገብ በገናቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ፎቁ ሥር ያለው ጁስ ቤት ለጾሙ በገና ከፍቶ ድምፁ እስከ ላይ ይሰማል። ያቺው የታወቀችው ናት። የምትዘምረውም ፀደንያ ናት፤ የገዛ ድምፅዋን ለየችው። የአቦይ ግራ እጅ ከታች የሚመጣውን ዜማ ተከትሎ አውታሮቹ ላይ ይሄዳል። አንድም አይስትም።

«ጓለይ» አሏት ደስ ብሏቸው፣ እንደ ድሮው በትግርኛ ልጄ ሲሉ። «ይህቺ ናት አይደል? የኔዋ፣ ያ ዓይነ ስውሩ ሰውዬ ያስያዙኝ?»

አዎ ብትላቸው እዚያው ያልቅ ነበር። ፊታቸው በርቷል። ጣታቸው ቀጥሏል።

«አይደለችም፣ አቦይ» አለች።

የታችኛው መዝሙር እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ በገናውን ተቀብላ አራቱን ስንኞች ዘመረችላቸው። አቦይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አራተኛው ሲያልቅ ከንፈራቸው አምስተኛውን ሊል ተንቀሳቀሰ፤ ፀደንያ ጠጋ አለቻቸው። ከንፈራቸው ቆመ።

«ከዚያስ?» አሉ። «ጎረቤትየው መጣ?»

ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። ደብተሩ ውስጡ ነው። እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«አላውቅም፣ አቦይ። ቀረጻውን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ያዢያት ሲሉኝም አልያዝኳትም።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። ቢቆጧት ደስ ይላት ነበር። አቦይ ግን አልተቆጡም፣ አይዞሽም አላሏት። ስለማያውቀው ሰው መርዶ እንደሰማ ሰው ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲያ ደጅ ቀረ» አሉ። «ምስኪን።»

ጁስ ቤቱ መዝሙሯን እንደገና ከፈታት። ፀደንያ ደረጃውን ስትወርድ አቦይ ከታች የሚመጣውን እየተከተሉ ይደረድሩ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደች። አቦይ ያለፈውን አያስታውሱም። የኔዋ ይህቺ ናት አይደል አሏት። አይደለችም አለች። አራቱን ዘመረች። ከዚያስ አሉ። እኔ ነኝ ያስጠፋኋት ማለት ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ከበዳት። ስትወጣ ትርሓስ እበሩ ላይ ያዘቻትና፣ «ለምን ዝም ብለሽ አዎ አትያቸውም? ነገ ይረሱት የለ? ለምን ራስሽን ትቀጫለሽ?» አለቻት።

ፀደንያ ጫማዋን ማሰሯን ቀጠለች። ያን ቀን ደብተሩን ይዛ አልመጣችም ነበር። ቀና ብላ በሚቀጥለው ቅዳሜ በስንት ሰዓት ብመጣ ይሻላል አለቻት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አራቱን ስንኞች እናንተም ሰማችኋቸው። ከኻሊድ ስልክና ከፀደንያ አፍ ሌላ የትም የሉምና እባካችሁ ያዙልኝ፤ አምስተኛ አትጨምሩባቸው። ከዚያስ የሚላችሁ ሰው ከመጣም፣ ጎረቤትየው እስካሁን ደጅ እንደቆመ ንገሩት።