የጋሼ ታፈሰ አዲስ ሣር

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። ሶፋው ከጠበባችሁ ምንጣፉ ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ። የማወራላችሁ ስለ ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ ምን ወሬ አለው እንዳትሉኝ። አንድ ደግ ሰው ሞቶበታል፣ አንድ ምስኪን ልጅም ሊታሰርበት ነበር።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ ውስጥ ነው፤ በኦገስት፣ እሑድ ጠዋት። ስርጉት የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ናት። ሰው ሳይታሰብ ሲሞት ከፖሊሶቹ ጋር ሄዳ «ይህ ሰው በምን ሞተ?» ብላ የምታጣራ። አፏ ዝምተኛ ነው፤ ዓይኗ ግን ሥራ አይፈታም።

ወደ ጓሮ ስትወጣ አቶ ታፈሰ በጎናቸው ወድቀው አገኘቻቸው። ባዶ እግራቸውን ናቸው። የውሃው ጎማ ከእጃቸው አምልጦ ሲፈስ ቆይቶ አዲሱ ሣር ረግረግ ሆኗል። ከቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ የፖሊስ መኪና ቆሟል፤ ኋላ ወንበሩ ላይ ተከራያቸው ናኦድ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ትናንት ማታ ዝቶባቸው ነበር ተብሎ።

ስርጉት ተንበረከከች። ከሟቹ ቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ በጋለ ክር የተሰመረች ትመስላለች። ግቢው ውስጥ ውሻ አለ፤ የውሻ ጥፍር ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይጭርም። ዓይኗን ወደ ሣሩ ጠርዝ መለሰች። ጠርዙን ተከትሎ፣ እርሳስ የሚያህል ነገር ተተክሎ የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አፈራቸው ገና ትኩስ ነው።

«ሬሳውን አንሡ» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የትምወርቅ የቸርች ልብሳቸውን እንደለበሱ ኩሽና ውስጥ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አገኟቸው እናቴ?»

«ለቸርች ለባብሼ ልቀሰቅሰው ብዬ ብዳስስ አልጋው ባዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ሣሩን ያጠጣል። ወጣሁ። ተኝቷል። ታፈሰ ብለው፣ ታፈሰ ብለው…»

«ጫማ ለምን አላደረጉም?»

«አዲስ ሣር በጫማ አይረገጥም ባይ ነው። እኔን እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቆልኝ አያውቅ» አሉና ሳቅ ሲቀድማቸው እንባቸው ወረደ። «የተከራያችን ልጅ ውሻ ነው ሣሩን ያቃጠለው። ሸና፣ ቢጫ። ሸና፣ ቢጫ። የሰፈሩ ማኅበር፣ ኤችኦኤዎቹ፣ ‹አስተካክሉ› እያሉ አናታችን ላይ ቆሙ። ታፈሰ ወገቡን እያመመው የሞተውን ይነቅላል፣ አፈር ይሞላል፣ ያንን እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ሣር እያመጣ ይለጥፋል። ልጁ ግን ማታ ምን አለ? ‹ውሻዬን ሁለተኛ ከነካችሁት አልምራችሁም!› በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት።»

«ያን ጊዜ አቶ ታፈሰ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከእኔ ጋር እራት እየበላ።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ወንድሜ ሲላስ ላውንድሪ ውስጥ ልብስ ሊያጥብ ገብቶ ነበር።»

ሲላስ በጎረቤት ከተማ፣ በሪቻርድሰን፣ ቢሮ የሚሠራ፣ እዚያው ቤት ፎቁ ላይ የሚኖር ሰው ነው። ሳሎን ውስጥ ስልኩን እያገላበጠ ጠበቃት።

«እኔን የቀሰቀሰኝ የእህቴ ጩኸት ነው» አለ። «ማለቴ፣ ሥራ ስለሚበዛብኝ ጓሮ፣ ባክያርድ ከወጣሁም ቆይቻለሁ። አዲሱን ሣር ራሱ ገና አላየሁትም። ሶ… ልጁ ሲዝት ሰምቻለሁ። ፖሊሶቹ እሱን ቢጠይቁት ይሻላል።»

«ይጠየቃል» አለችና ወደ ላውንድሪው አለፈች። ቤቱ በኤሲ ቀዝቅዟል፤ እዚያ ስትደርስ ግን የሞቀ ነፋስ አንገቷን ነካት። መስኮቱ ጣት ያህል ተከፍቷል። የትንኝ መከላከያው ወንፊት ታችኛው ጥግ ተቀድዷል። ከመስኮቱ ሥር ሶኬት አለ። ስርጉት ቆማ አሰበች። በኦገስት፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ኤሲ እየሠራ መስኮት የሚከፍት ማን ነው?

ወጥታ ፖሊሱን የመኪናውን በር አስከፈተችው።

«ናኦድ፣ ለምን ዛትክባቸው?»

ልጁ የደፋውን አንገቱን ቀና አደረገ። «እህቴ፣ ውሻዬ ቡቺ ከጓሮ እያለቀሰ መጣ። ጭራውን ወትፎ። አፍንጫው ጋ ፀጉሩ ተቃጥሏል፣ ይሸታል። አንድ ሰው በእሳት ነገር የመታው መሰለኝና ደሜ ፈላ። ጋሼ ታፈሰን ብዬ ግን አይደለም! እሳቸው እኮ እሱ የሚሸናበት የጠጠር ጥግ የሠሩለት ሰው ናቸው። ተሳስቶ ሣሩ ላይ ከሸና ጎማ ይዘው ይሮጣሉ፤ ወዲያው ውሃ ከጠጣ ሣሩ አይቃጠልም ይላሉ። ‹ምን ያድርግ፣ ቶይሌት አልተማረ› እያሉ ይስቁበት ነበር።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ማን ይመሰክርልኛል? ብቻዬን ነኝ። ግሪን ካርዴ ቀለሙ አልደረቀም እህቴ። ፋይል ከተከፈተብኝ አለቀልኝ። ኤርፖርት ሻንጣ ጭኜ እናቴን የማኖር እኔ ነኝ።»

ስርጉት ለፖሊሱ ጥቂት ቃል ተናገረችና ወደ ልጁ ዞረች። «ውሻህን ያዝና ተከተለኝ።»

ሁሉንም በጓሮው በር ላይ ሰበሰበቻቸው። ፀሐይዋ መንደድ ጀምራለች።

«ያቺ ዛፍ ሥር፣ ጥላው ውስጥ እንነጋገር» አለች። «በሣሩ ላይ ተሻገሩ፣ አይከፋም።»

ወይዘሮ የትምወርቅ ቀሚሳቸው ውሃውን እየጠረገ ተሻገሩ። ናኦድም ተሻገረ፤ ገመዱ ግን ከኋላ ያዘው። ቡቺ ሣሩ ጠርዝ ላይ አራት እግሩን ተክሎ ቀረ። ቢጎትተው አለቀሰ።

ሲላስ የመጨረሻው ነበር። ስልኩን እያየ መጣ። ጠርዙ ላይ ሲደርስ እግሩን እስከ ጉልበት ከፍ አድርጎ አነሣ፣ አሻገረ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከእግሩ ሥር ግን ምንም አልነበረም።

«ሲላስ» አለች ስርጉት። «ምን ተሻገርክ?»

«እ?»

«እህትህ ዝም ብለው አለፉ። ናኦድ ዝም ብሎ አለፈ። እዚያ ጋ አንድ ነገር እንደነበረ የሚያውቁት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ውሻው ነው።»

ሲላስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ኦኬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?»

«ቀዳዳዎቹን እዩ። እንጨቶች ተተክለው ሽቦ ተወጥሮባቸው ነበር፣ ውሻው እንዳይገባ። የውጭው ሶኬት ውሃ ባለበት ራሱን ያጠፋል፤ አላስኬደህም። ስለዚህ ሽቦውን ላውንድሪው ሶኬት ላይ ሰክተህ በመስኮት አወጣኸው። የቤቱ ኤሌክትሪክ፣ ኃይሉ ሳይቀነስ፣ እንዳለ። ማታ ቡቺ በአፍንጫው ነካውና ዘሎ ተረፈ። መሬቱ ደረቅ ነበር። ናኦድ የጮኸው ያን ጊዜ ነው፤ ሽቦው የእሱ ቢሆን ውሻዬን ነካችሁብኝ ብሎ ባልዛተ። አቶ ታፈሰ ገበታ ላይ ነበሩ። ላውንድሪው ውስጥ ማን እንደነበረ ታውቃለህ። ጠዋት ሰውየው ባዶ እግራቸውን፣ በረጠበ ሣር ላይ፣ ጎማ ይዘው መጡ። ሽቦው እግራቸው ላይ ምልክቱን ትቷል። እህትህ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ሰው ሽቦውን ነቅሎታል። አዲሱን ሣር አላየሁም ያልከኝ ሰው፣ ጠርዙ የት እንደሆነ እግርህ ከዓይንህ ቀድሞ እንዴት አወቀ?»

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮኻል። ከዚያ ሲላስ ባለበት ቁጢጥ አለ።

«ለውሻው ብዬ ነው» አለ። «ሱቅ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ አጥር ኃይሉን የሚቀንስ ሳጥን አለው። እኔ ሽቦ ሽቦ ነው ብዬ… ታፈሰ ወገቡን ይዞ ሲንበረከክ አላስችል አለኝ። ሰርፕራይዝ ላደርገው ነበር። ሳይነቃ ልነቅለው አስቤ እንቅልፍ ጣለኝ። ስወርድ ገላው በርዷል። በርዶ ነበር፣ የትሜ!»

ወይዘሮ የትምወርቅ ድምፃቸው ቀጠነ። «እኔ እንዳገኘው ትተኸው ወጥተህ ተኛህ?»

«ፈራሁ።»

«ይህ ልጅ መኪና ውስጥ ሲገባስ፣ በመስኮት አይተኸዋል?»

«የትሜ፣ ፈራሁ አልኩሽ እኮ።»

«እሱስ አልፈራም?»

ሲላስ የራሱን መኪና ቁልፍ አውጥቶ ለስርጉት ሰጣት። «ሽቦው ኋላ ኮፈኑ ውስጥ ነው» አላት። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

ወይዘሮዋ ወንድማቸው ሲሄድ አላዩም። ወደ ናኦድ ሄደው ሁለት እጁን ያዙት። «እኔ ነኝ ለፖሊሱ የጠቆምኩህ» አሉት። «እኔ ነኝ ልጄ።»

«እትዬ፣ ይተዉት…»

«አልተወውም። አሁን ግባና ውሃ ጠጣ። ውሻህንም ይዘህ ግባ፣ ሙቀቱ ይገድለዋል።»

ልጆቼ፣ ሽቦውን የወጠረው እጅ ክፉ እጅ አልነበረም፤ ስሕተት የማይጎበኘው ቤት የለም። ሲላስን የጣለው ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፣ ሌላ ሰው በእሱ ፈንታ ሲንቀጠቀጥ እያየ ዝም ያለበት። የእናንተን ፍርሃት ሌላ ሰው ተሸክሞላችሁ ያያችሁት ቀን፣ እባካችሁ አፋችሁን ክፈቱ። ከዚህ ሁሉ ወሬ ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ።