የማሰሮው ተራ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያለኸውም ና፤ እዚህ ቦታ አለ። ዛሬ የኮዳይን ነገር ነው የማወራችሁ።

«ተነሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ አያቷ ጎኗን በክርናቸው ጎሸም እያደረጉ።

ኮዳይ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሥራ ተዛውረው ቤተሰቡ ወደ ሕንዷ ከተማ ወደ ቼናይ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ከተማውን የማስተዋወቁን ሥራ ድሮም እዚያው የሚኖሩት ታታ ማንም ሳይሾማቸው ለራሳቸው ወሰዱት፤ ታታ የምትለው ወንድ አያቷን ነው። ጊዜውም ማርጋዚ የሚሉት ወር ነበር፤ በዚያ ወር ቼናይ ውስጥ ሙዚቃ የሌለበት አዳራሽ አይገኝም። ታታ በየጠዋቱ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ጋዜጣ ዘርግተው አዳራሽ ይመርጣሉ።

«ዛሬ ከቤተ መቅደሱ ኩሬ አጠገብ ያለው ነው የምንሄደው።»

«ማን ነው የሚዘፍነው ታታ?»

«እሱን እዚያው ስንደርስ እናያለን። ወጥ ቤቱን የያዘው ግን ያ የአምናው ሰውዬ ነው።»

በዚህ ዓይነት ኮዳይ በሁለት ሳምንት ስድስት አዳራሽ አወቀች። አንዱ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቁራ ባረፈበት ቁጥር ዘፋኟ ትደነግጣለች። አንዱ ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ ከቫዮሊኑ ጋር ይፎካከራል። አንዱ ደግሞ መሐሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ አለው፤ ከምሰሶው ጀርባ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሃያ ዓመት ሙሉ ዘፋኝ በዓይናቸው አላዩም፤ ቦታዬን አልለቅም ብለው ነው። ኮዳይ ሁሉንም ወደደቻቸው። በየጓሮው ሸራ ተወጥሮ፣ በሙዝ ቅጠል ላይ የሚቀርበውንም ምግብ ወደደችው። እውነቱን ለመናገር እሱን ትንሽ አብልጣ ነው የወደደችው።

አንድ ልማድ አለ። ትልቁ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ዘፋኙ ዝም ይልና ወደ ከበሮ መቺውና የሸክላ ማሰሮ እንደ ከበሮ በጣቱ ወደሚመታው ሰው ዞሮ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን ተራው የእናንተ ነው ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ወንበሩ ሁሉ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሰዉ ጫማውን በእግሩ እያሰሰ ወደ ጓሮ ይጎርፋል። ማንም አያፍርም። አባቶቻቸውም እንደዚሁ ይወጡ ነበር።

ታታ ጎኗን የጎሸሙባት ቀን ግን ችግሩ ሌላ ነው። መድረኩ ላይ ማሰሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ሱጋንቲ ናት፤ የኮዳይ የክፍል ጓደኛ። ለአዲስ ጀማሪዎች በተተወው የቀትር ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመታ ስለሆነ፣ «በናትሽ ነይልኝ» ብላ ለምናት ነበር።

«ጓደኛዬ እኮ ናት ታታ።»

«ይሁና። ሰልፉን አታውቂውም፤ አሁን ካልወጣን ቫዳው ያልቃል።»

ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ወጣች። ቫዳ የሚሉት የምስር ጥብስ ገና ከዘይት መውጣቱ ነበር። ሲመለሱ ሱጋንቲን ማሰሮዋን በብርድ ልብስ ስትጠቀልል አገኟት።

በማግስቱ ሱጋንቲ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?»

«አሪፍ ነበር። እንባዬ ነው የመጣው።»

«ከምርሽ? የቱ ጋ?»

«እ... መጨረሻው አካባቢ።»

«ማሰሮውን ወደ ላይ ስወረውረውስ?»

«እሱማ» አለች ኮዳይ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልቤ ነው የቆመው።»



«እኔ ማሰሮ ወርውሬ አላውቅም» አለች ሱጋንቲ። « ብወረውር አባቴ እኔንም ይወረውረኛል።»

ኮዳይ መሬቱን አየች። መሬቱም የሚረዳት አይመስልም።

«ምን በላሽ?» አለች ሱጋንቲ።

«ቫዳ።»

«ትኩስ ነበር?»

«ትኩስ ነበር።»

«አሥራ ሁለት ሰው ነው የቀረው፤ ቆጥሬያለሁ። ሁለቱን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።» ሱጋንቲ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «መውጣትሽ አይደለም ያበሸቀኝ። ሁሉም ይወጣል። ቤት አክስቶቼ ‹ግሩም ነው› ይላሉ፤ ሳይሰሙ ነው የሚሉት። አንዲት እውነቱን የምትነግረኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር። አርብ ደግሜ እመታለሁ። ብትመጪም ባትመጪም ያንቺ ጉዳይ ነው። ግን ከዋሸሽኝ ሁለተኛ አላናግርሽም።»

የአርቡ አዳራሽ ደግሞ የትኛው ቢሆን ጥሩ ነው? ታታ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት የከረሙት። የዚያ ቤት ወጥ ሠሪ የለውዝ ሃልዋ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፤ አርብ። ታታ በዋዜማው እራት አልበሉም። ባጃጁ ውስጥ ሆነው እንኳ፣ «ጣፋጩ ምላስ ላይ ሲቀመጥ አይታኘክም ልጄ፣ ራሱ ነው የሚሄደው» እያሉ ያስረዷት ነበር። የኮዳይ ሆድ ይህን ሁሉ በጥሞና አዳመጠ።

ዘፋኙ ዘፈነ፣ ዘፈነና ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ አለ። ታታ ከሁሉም ቀድመው ቆሙ።

«ታታ፣ እኔ አልወጣም።»

«አሞሻል እንዴ?»

«ጓደኛዬ ናት የምትመታው።»

«ጓደኛሽ ነገም አለች። ሃልዋው የለም።»

«እርስዎ ይሂዱ።»

ታታ በሩን አዩ፤ እሷን አዩ፤ እንደገና በሩን አዩ። «አስቀምጥልሻለሁ ብዬ አላታልልሽም» አሉና እንደ ወጣት እየተጣደፉ ሄዱ።

ኮዳይ ትልልቆቹ እንደሚያደርጉት ጭኗን በመዳፏ እየመታች ምቱን ልትቆጥር ሞከረች። ሦስተኛው ዙር ላይ ጠፋባት። አጠገቧ የተቀመጡት ባልቴት ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጇን ያዙና በትክክለኛው ቦታ ላይ ጧ አደረጉት። እንደገና ጠፋባት፤ ባልቴቷ እንደገና ጧ። ከዚያ ምቱ መሐሉ ላይ ረዘመ። በመስኮቱ የቅቤና የስኳር ሽታ ገባ፤ ስለ ሱጋንቲ ሳይሆን ስለ ሃልዋው እያሰበች መሆኑ ታወቃት። ቀጥሎ ግን ከበሮውና ማሰሮው እየተቀባበሉ መልስ መስጠት ጀመሩ። አንዱ ረጅም ሲናገር ሌላው ያንኑ፤ አንዱ ሲያሳጥር ሌላውም፤ እንደሚጨቃጨቁ ወንድምና እህት እየተቀዳደሙ ሄደው ሄደው ድንገት በአንድ አፍ ተናገሩ። ኮዳይ መቁጠሩንም፣ ሆዷንም፣ የት እንደተቀመጠችም ረሳች።

ሲያልቅ ሱጋንቲ ማሰሮዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ከመድረክ ወረደች።

«እሺ?»

«ግሩም ነበር» የሚለው ቃል የኮዳይ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግማሹ እውነት ስለሆነ ማንም ውሸት ነው አይላትም። ሱጋንቲም ደስ ይላታል። ጓደኛዋ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጣቶቿ ቀልተው ትጠብቃታለች።

ኮዳይ ቃሉን ዋጠችው።

«መሐሉ ረዘመብኝ» አለች። «እዚያ ጋ አላዳመጥኩሽም። ስለ ምግብ ሳስብ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ።»

 ኮዳይ፣ «በቃ፣ ጓደኝነታችን አለቀ» ብላ አሰበች። ሱጋንቲ ግን አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ማሰሮውን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ ነው?» ብላ በጣቶቿ ቀስ አድርጋ መታችው።

«ከሱ ትንሽ ወረድ ብሎ።»

«ይሄ?»

«አዎ፣ እሱ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። እንዲህ ባሳጥረውስ?»

ኮዳይ ወንበሯን አስጠጋችና ጆሮዋን ወደ ማሰሮው አዘነበለች።

«ድገሚው እስቲ» አለች።

ልጆቼ፣ አዳራሽ በየከተማው አይጠፋም። አንድ ቀን ገብታችሁ ስትቀመጡ፣ በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መካከል አንድ ማሰሮ ላይ የተደፉትን ሁለቱን ሴት ልጆች አስታውሱልኝ። እኔ እያረጀሁ ነው፣ እረሳለሁ።