ለሟቹ የደረሱት አራት ሺህ መልሶች

ይህ የምነግራችሁ ከራሱ እስከ ጭራው እውነት ነው፤ ዋሽቼ እንደሆነ የዓሣ አጥንት ይነቀኝ!

ሽማግሌው ኤይለርት በአንዲት ደሴት ላይ ለብቻው በሚኖርበት ቤት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ነው፤ በሐምሌ፣ ኖርዌይ በሙሉ ለእረፍት በሩን ዘግቶ ሲሄድ። በደሙ ውስጥ ከልክ ያለፈ የልብ መድኃኒት ተገኝቷል። ማሞቂያው ሲነድ ስለሰነበተ ሐኪሙ የሞተበትን ቀን መለየት አቃተው።

መርማሪ ራግንፍሪ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ስትደርስ የሁሉም ጣት የተቀሰረው በሳምንት አንዴ እየመጣች በምትጠይቀው ነርስ በጉንቮር ላይ ነበር።

«ሐሙስ መጥተሽ ነበር?»

«መጥቻለሁ፤ በሩ ተቆልፏል። ኢሜይል ብልክለት ‹ደህና ነኝ፤ ሰሞኑን ሰው አልቀበልም› አለኝ። ተመለስኩ።»

«ውሸቷን ነው!» አለ የሟቹ የወንድም ልጅ ዩስታይን፤ የማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። «እኔ ማክሰኞ በአሥር ሰዓቱ ጀልባ ከደሴቲቱ ወጥቻለሁ። አጎቴ እስከ ዓርብ ሲጽፍ ነበር። ከእኔ በኋላ የመጣች እሷ ናት!»

ራግንፍሪ የሟቹን ኮምፒውተር ከፈተች። ማዘጋጃ ቤቱ ረቡዕ ለነዋሪው ሁሉ የእረፍት ማስታወቂያ ከላከ ጀምሮ አራት ሺህ ጊዜ «ለእረፍት ወጥተናል፤ በነሐሴ እንመለሳለን» ብሎታል፤ እሱም አራት ሺህ ጊዜ «ደህና ነኝ» ብሏል። ከዚያ በፊት ከነርሷ ሌላ የጻፈለት የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰባት ወር በፊት። ራግንፍሪ የራሷም እንዲሁ ባዶ የሆነ የመልእክት ሣጥን ትዝ አላት።

ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ይሄን ሁሉ የጻፈው ለመጣ ኢሜይል ሁሉ በራሱ የሚመልስ ማሽን ነው። ማሽን በሚልከው መልስ ላይ ‹እኔ ማሽን ነኝ› የሚል ስውር ምልክት ይኖራል፤ ሌላው ማሽን ያንን አይቶ ዝም ይላል። አለዚያ ሁለቱ እስከ ምጽዓት ሲመላለሱ ይኖራሉ። እዚህ ግን ምልክቱ ተፍቋል።»

«ለምን?» አለች ጉንቮር።

«ሰው የጻፈው እንዲመስልሽ። ግን የማዘጋጃ ቤቱም ማሽን ሰው መሰለውና በትሕትና መለሰ። ይኼኛው ደግሞ መልሶ መለሰ። ምልክቱ የተፋቀው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚሁ ቤት።»

«አጎቴ ራሱ ይሆናላ!»

«በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ የሚጽፍ ሰውዬ? ደህና የሆነ ሰውስ ‹ደህና ነኝ› ለማለት ማሽን ምን ያደርግለታል? ያን ሰዓት ሞቷል፤ እዚህ የነበርከው ደግሞ አንተ ነህ።»

የዩስታይን ፊት አመድ መሰለ። «ቤቱን ለእሷ ሊያወርስ ነበር! በሳምንት አንዴ ብቅ ስላለች ብቻ!»

«አንተስ በዓመት ስንቴ ብቅ አልክ?»

ዩስታይን ታስሮ በጀልባ ተወሰደ። ጉንቮር ነፃ ወጣች። ለኤይለርት ቀብር ደሴቲቱ በሙሉ ወጥታ አለቀሰች።

እሺ፣ ይቺን አንዷን ፈጠርኳት። መቃብሩ ዳር የቆሙት ጉንቮርና ራግንፍሪ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ለእረፍት ወጥቷል፤ በነሐሴ ይመለሳል።