ኢድሪስ ለማን አነበበ?

መጽሐፍ አከራዩ ኢድሪስ ሱቁ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እራቱን ይዛለት የሄደችው ልጁ ነሲባ ናት ያገኘችው። የኋላ ጭንቅላቱ ተመትቷል፤ በሩን የሚደግፍበት የሁለት ኪሎ የሚዛን ብረት አጠገቡ ወድቋል። በርጩማው ላይ አንድ የአረብኛ የሥዕል መጽሐፍ ተቀምጧል፤ የደም ጠብታ እንኳ አልነካውም።

ኢድሪስን የማያውቅ የጋምቤላ ሰው የለም። ልቦለዶቹን ያከራያል። ከሱዳን በባሮ በኩል የሚመጡለትን የሥዕል መጻሕፍት ግን ለማንም አይሰጥም፤ ራሱ በአማርኛ እየተረጎመ ያነብባቸዋል። መጽሐፉን ከእጁ ሳይለቅ ገጹን በመዳፉ ይሸፍንና፣ ቃሉን ተናግሮ ሲጨርስ ሥዕሉን አንድ በአንድ ያሳያል። ወይ ድምፅ! ንጉሥ ሲሆን ያስፈራል፣ ሙሽራ ሲሆን ያስቃል። መርማሪው መቶ አለቃ ኩን ራሱ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ሬሳውን ካየ ወዲህ ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም።

ተጠርጣሪው ተይዟል። መጽሐፉን ቅዳሜ ጠዋት ያመጣው ጀልባ ቀዛፊው ሪክ፣ አመሻሽ ላይ ከሱቁ እየሮጠ ሲወጣ ታይቷል፤ እጁም ደም ነክቶታል። «ገባሁ፣ ሞቶ ነው፣ ፈራሁ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ መቱ በሚሄደው የጭነት መኪና ሊጫን ተወስኗል። በዚያ ዘመን እንዲያ ተጭኖ የሄደ ሰው ይመለሳል ብሎ የሚምል አልነበረም። ሚስቱ ኛጋች ከማለዳ ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች።

ኩን መጀመሪያ ነሲባን አነጋገረ።

«አዲሱን መጽሐፍ አይተሽዋል?»

«በምሳ ሰዓት አባባ አነበበልኝ።»

«ወደድሽው?»

«ኧረ ጠላሁት! ሰውዬው ከሚስቱ ጋር ዓሣ ሲበላ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሙ ወንዝ ውስጥ ገፈተረውና በቀብር አለቀ። እንዲህ ያለውን ለምን ታነብልኛለህ ብዬ ተቆጣሁት። ለአባቴ የመጨረሻ ቃሌ ቁጣ ሆነ፣ መቶ አለቃ!» እንባዋ ቀደማት።

ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴ መሐመድ ግን ስለ መጽሐፉ መጠየቃቸው አስገረማቸው።

«እኔ ልቦለድ እንጂ ሥዕል አልወድም። ሥዕል አንባቢን ያሰንፋል። በዚህ ከኢድሪስ ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! ግን ለዚህ ሰው ይገደላል? ያ ረቢ!»

«ማን ሲገባ አዩ?»

«ጓድ ማቻር አሥር ሰዓት ላይ ገብቶ አሥራ አንድ ላይ ወጣ። ሪክ አሥራ ሁለት ላይ ገባ፤ ወዲያው እየሮጠ ወጣ። ሌላ ሰው አላየሁም።»

ማቻር የቀበሌው ቅስቀሳ ኃላፊ ነው። የኢድሪስ መጻሕፍት ሰኞ ዕለት በአደባባይ እንዲቃጠሉ ያስወሰነውም እሱ ነው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ጊዜ አናባክን። ስወጣ ደህና ነበር። አዲሱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አስነብቤዋለሁ፤ አብዮቱን የሚጎዳውን መለየት ሥራዬ ነው።»

«እንዴት አገኘኸው?»

«ፀረ ሳይንስ! ሲጀምር ሰውዬው ይቀበራል፤ ሲያልቅ ከሚስቱ ጋር ዓሣ ይበላል። ሙት ይነሳል እያሉ ሰፊውን ሕዝብ ማታለል አይደለም?»

ኩን ብድግ አለ። «ሁሉም ወደ ሱቁ ይምጡ» አለ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተሰበሰቡ። የጭነት መኪናው ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሪክ እጁን ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ኢድሪስ ለልጁ ሲያነብ ታሪኩ በቀብር አለቀ» አለ ኩን። «ለጓድ ማቻር ሲያነብ ደግሞ በቀብር ጀመረ። መጽሐፉ አንድ ነው። እንዴት ሆነ?»

«ልጅቷ ተሳስታለች» አለ ማቻር።

«ጋሽ መሐመድ፣ እርስዎ አረብኛ ያነባሉ። እስቲ ይግለጡት።»

መሐመድ መጽሐፉን ከቀኝ በኩል ገለጡ። ባልና ሚስት ዓሣ ይበላሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ መቃብር አለ።

«አረብኛ ከቀኝ ይጀምራል፤ እኛ ደግሞ ከግራ መግለጥ ለምደናል» አለ ኩን። «ከግራ የገለጠ ሰው ሥዕሉን ከኋላ ወደ ፊት ያያል፤ ሙቱም ይነሳለታል። ኢድሪስ አንብቦልህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትስትም ነበር። እሱ መጽሐፉን ለማንም አይሰጥም። ከእጁ የወጣው መያዝ ሲያቅተው ነው። እሱ ወለሉ ላይ ወድቆ፣ አንተ በርጩማው ላይ ተቀምጠህ ታገላብጥ ነበር፤ አነበበልኝ ለማለት። ያኔ ሪክ ወንዝ ላይ ነበር፤ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ከኢታንግ ሰው ጭኖ ሲቀዝፍ ነው የቆየው፤ ተሳፋሪዎቹን ጠይቄያለሁ።»

ማቻር ወደ በሩ ዞረ። ደጁን አየ፤ ፖሊስ ቆሟል።

«በየሳምንቱ ተደብቄ እየመጣሁ ያነብልኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መጻሕፍቴን ብታቃጥል፣ እዚህ ቁጭ ብለህ ስታለቅስ እንደነበርክ ለስብሰባው እናገራለሁ አለኝ። በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ!»

ወሰዱት። የሪክ ገመድ ተፈታ። ኛጋች እልል እያለች ገብታ እጁን ያዘች።

«ነጻ ወጣህ እኮ! ና እንሂድ!»

ሪክ አልተንቀሳቀሰም። ነሲባን ነበር የሚያየው።

«ሞቶ አልነበረም» አለ።

«ማን?» አለ ኩን።

«ኢድሪስ። ስገባ ዓይኑን ከፈተ። ሪክ አለኝ። ውሃ አለኝ። እንስራው ቅርብ ነው። እኔ ግን ስደግፈው እጄ ላይ ደም አየሁ፤ ሰው ቢመጣ እኔን ይይዛል አልኩ። ሮጥኩ።»

ኩን እንስራውን ዞሮ አየ።

«እኔ የመጣሁት ከዚያ አንድ ሰዓት ቆይቼ ነው» አለች ነሲባ ቀስ ብላ። «እጁ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።»

ሪክ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ኛጋች ብትጎትተው፣ ብትለምነው አልነሳ አላት።