ከጥዱ ሥር የተገኘው የሂሳብ ሰው

የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካው የወጪ ሂሳብ ኃላፊ ታክ ሱንግሆ ሞቶ የተገኘው አሜሪካውያኑ ኦዲተሮች የኮሪያዋ ጉሚ ከተማ ሊገቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው።

ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ የጥድ ግንድ ተደግፎ ተቀምጧል። ካፖርቱን ውርጭ አልብሶታል። ፊት ለፊቱ ጋዜጣ ተነጥፎ አንድ ደረቅ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተቀምጧል። ከዓሣው አጠገብ የተጋመሰ የሶጁ አረቄ ጠርሙስና ሁለት ጽዋ አለ። አንዱ ጽዋ ባዶ ነው። ሌላው እስከ አፉ እንደሞላ ነው፤ የቀመሰው የለም።

ባዶው ጽዋ ውስጥ ሐኪሙ መርዝ አገኘ። ፋብሪካው ለወርቅ ቅብ የሚጠቀምበት መርዝ ነው። ሙሉው ግን ንጹሕ ሶጁ ነበር።

ኢንስፔክተር ጉክ ዎንጁን ነገሩን አልወደደውም። ከሬሳው ይልቅ ጊዜው አስጨነቀው። ከተማው የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የአሜሪካ ቺፕ አምራቾች፣ ኮሪያውያን ከወጪያቸው በታች እየሸጡ ገበያችንን ገደሉት ብለው ለመንግሥታቸው ከሰዋል። ኦዲተሮቹ የሚመጡት ፋብሪካው አንዷን ቺፕ በስንት ሠርቶ በስንት እንደሚሸጥ ሊያመሳክሩ ነው። ክሱ ከጸና ቀረጥ ይጣላል። ቀረጡ ከከበደ ደግሞ የማምረቻው መስመር ይዘጋል። የጉክ አንድያ ልጅ ሱጂን እዚያ መስመር ላይ፣ ከዓይኗ በቀር ምኗም ሳይታይ ነጭ ለብሳ ትሠራለች።

ሥራ አስኪያጁ ዎን ነገሩን ባጭሩ ሊቀጨው ፈለገ። ታክ ራሱን ነው የገደለው አለ፤ ሂሳቡ ተበላሽቶበት፣ አፍሮ።

«ራሱን ለሚገድል ሰው ሁለት ጽዋ ምን ያደርግለታል?» አለ ጉክ።

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«በዋዜማው ጮኸውበታል ይባላል።»

«ሕንጻው ሁሉ ሰምቷል፤ አልክድም። ግን በሞተበት ቀን ሴኡል የባለሥልጣን ደጅ ስጠና ነው የዋልኩት።»

እውነቱን ነበር። ሴኡል ውስጥ ያዩት ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ ጉክ የወርቅ ቅብ ክፍሉን ሠራተኛ ያዘ። የመርዙ ቁም ሣጥን ቁልፍ በእጁ ነው፤ ታክም ወርቅ እንደጎደለበት ደርሶበት ሊያስባርረው ነበር። ሰውዬው እያለቀሰ መስረቁን አመነ፤ መግደሉን ግን ካደ። ታክ በሞተበት ከሰዓት በኋላ ከማሽኑ ንቅንቅ እንዳላለ ባልደረቦቹ ሁሉ መሰከሩለት። ቁልፉንም ቢሆን ምስማር ላይ ሰቅሎ ነው የሚውለው፤ ከመስመሩ የመጣ ሁሉ ሊያነሣው ይችላል። ጉክ ለቀቀው።

የቀረው ሽማግሌው የበር ዘበኛ ፒዮ ነበር። በዚያው ቀን ጀንበር ሳትጠልቅ ሰማያዊ የፋብሪካ ጃኬት የለበሰ ሰው ከጥዱ ሥር ለተቀመጠ ሰው ሁለቴ ወድቆ ሲሰግድ አይቷል። ያጠፋ ሠራተኛ አለቃውን ይቅርታ የሚለምን መስሎት ዝም አለ። መልኩን አልለየውም። ጉክም ሳቀበት፤ ሰማያዊ ጃኬትማ ጉሚ ሙሉ ለብሷል አለና ሽማግሌውን አሰናበተው።

ጉክ በማግስቱ ለቅሶ ደረሰ።

ታክ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ከሚስቱ ጎን ቆሞ ለቅሶኛ የሚቀበለው የማምረቻ መስመሩ ኃላፊ ማ ዶንግሱ ነበር። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ሲሞቱበት ታክ ከገጠር አምጥቶ፣ አስተምሮ፣ ፋብሪካ አስገብቶታል። ክንዱ ላይ የሟች ልጅ የሚያስረውን የሐዘን ጨርቅ አስሯል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጉክ ለሟቹ ፎቶግራፍ ሰገደ። ተነሥቶ ዳግመኛ ሰገደ። ከዚያ ወደ ሐዘንተኞቹ ዞሮ አንዴ ሰገደና እዚያው በግንባሩ እንደተደፋ ቀረ።

ለሙት ሁለቴ፣ ለሕያው አንዴ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርገው የኖረ ነገር ነው፤ ስለለመደው ነው ያላስተዋለው። ኮረብታው ላይ የሰገደው ሰው ይቅርታ እየለመነ አልነበረም። ሞልቶ የቀረውም ጽዋ የሙት ድርሻ እንጂ የእንግዳ አይደለም። ጠላት ደግሞ ገድሎ ይሄዳል እንጂ ደረቅ ዓሣ አቅርቦ ጽዋ አይሞላም።

ቀና ሲል ዓይኑ ከማ ዶንግሱ ዓይን ጋር ገጠመ።

ጣቢያ ሲጠየቅ ማ ብዙም አልካደም። ኮረብታው ላይ መውጣቱን አመነ። ጋሼ ታክን ስለ አንድ ጉዳይ ለምኜ፣ ሰግጄ፣ በሕይወት ትቻቸው ወረድኩ አለ።

«ስንቴ ሰገድክ?»

«ምን?»

«ስንቴ ሰገድክላቸው ነው የምልህ።»

ማ ክንዱ ላይ ያለውን የሐዘን ጨርቅ በእጁ ሸፈነ።

«በቁሙ ላለ ሰው ሁለቴ የሚሰግድ የማን ልጅ ነው?» አለ ጉክ። «እናትህ እንዲህ ብላ አላሳደገችህም።»

«እናቴን አላውቃትም። ጋሼ ናቸው ያሳደጉኝ።» ከዚያ ሁሉም ነገር ተከታትሎ ወጣ። «ከወጪ በታች ሸጠናል፣ ለፈረንጆቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አሉኝ። የስንቱን ቤት ጉሮሮ ሊዘጉ ነው ብዬ ለመንኳቸው። ‹እኔ የማልችለው ውሸት ነው፣ ልጄ› አሉኝና ጽዋውን ተቀበሉኝ። በሁለት እጄ ነው የሰጠኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«እንዴት ሳልሰግድ ልሂድ? አባቴ እኮ ናቸው።»

ጉክ ብዕሩን አስቀመጠ። ነፍሰ ገዳይ ሲያምንለት ደስ ይለው የነበረ ሰው ያን ቀን ማልቀስ አማረው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ኦዲተሮቹ በቀጠሯቸው መጡ። በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ዓይነት ቺፕ ይሠራል፤ የማሽኑ ወጪ ለእያንዳንዱ እንዴት እንደሚከፋፈል የቀመረው ታክ ነው፤ ማስረዳት የሚችልም እሱ ብቻ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ አለ፤ ጠያቂዎቹን የሚያጠግብ ሰው ግን ጠፋ። ምክትሎቹ ተንተባተቡ። በእነዚያ ሰዎች ሕግ ደግሞ ተከሳሽ አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ የከሳሹ ቁጥር እንደ እውነት ይያዛል። ያዙት። የጣሉትም ቀረጥ ከሁሉም የከበደው ነበር።

መስመሩ ሲዘጋ ዎን ራሱ ጉክ ቢሮ መጣ። ያ ኩሩ ሰውዬ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ የታክን የመጨረሻ ምክር ነገረው። በጥቂት ክፉ ወራት ብቻ ነው ከወጪ በታች የሸጥነው፤ ይህን ራሳችን ካመንን የሚጣለው ቀረጥ ትንሽ ነው፤ እንችለዋለን ብሎት ነበር። ዎን ግን ያቺን ትንሽ ቀረጥ እንኳ አልቀበልም ብሎ ጮኸበት።

ብርዱ ሲጋመስ ጉክ ማ ዶንግሱን ሊጠይቅ ወህኒ ቤት ሄደ። ለምን እንደሄደ ለራሱም አልገባውም።

«መስመሩ ይሠራል?» አለ ማ ገና ሳይቀመጥ።

ጉክ እስረኛ ዋሽቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን ሊዋሽ ፈለገ፤ አልቻለም።

«ሱጂን እቤት ናት» አለ።

ሱጂንን ሥራ ያስለመዳት ማ ነው። በሥራ ቀን እቤት የምትውል ልጅ እንዳልሆነች ያውቃል። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀረቀረ።

«ጋሼ እውነቱን ቢናገሩም ያው ነበር፤ አይደል? ያው ነበር በሉኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«አይደለም» አለ ጉክ። «ቢናገሩ ኖሮ ትንሽ ቀረጥ ነበር የሚጣለው። ጋሼህ አስልተውት ነበር። ትችሉት ነበር።»

ማ አላለቀሰም። የጥበቃው ሰው ሰዓት ደርሷል አለ። ማ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ከእኔ በቀር ልጅ የላቸውም» አለ። «ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ማን ይሰግድላቸዋል?»

ጉክ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።